«የመጀመሪያዋ ሴት» ብለን እንለፋት?

ስለ አንዲት ትልቅ ሴት የተጻፈ ጽሑፍ አንስታችሁ እስኪ እዩ። «ጀግናዋ»፣ «ብርቱዋ»፣ «የሴቶች ኩራት»፣ ከዚያ «የመጀመሪያዋ ሴት»፤ አለቀ። ምን ሠራች? መቼ? ማንስ ተቃወማት? እሱ የለም። ባለፈው ሴሚስተር የምታደንቁትን ሰው ጻፉ ስንባል ክፍላችን ውስጥ የተነበበው አብዛኛው ጽሑፍ እንደዚሁ ነበር። ሙገሳ ሞልቷል፣ ሥራው ግን የለበትም።

እኔ የማደንቀው ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊን ነው። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ «የመጀመሪያዋ ሴት» ተባለ። እውነት ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል በኖረበት አገር የወንዱም የሴቱም ክርክር መጨረሻ የሚያገኝበት ወንበር ላይ ሴት መቀመጧ ቀላል ነገር አይደለም። ደስ ብሎኛል። ግን እኔን የሚገርመኝ ከሹመቱ ሃያ ምናምን ዓመት በፊት ያለው ነው።

ወ/ሮ መዓዛ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ሥራም በሕግ አማካሪነት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላት ሴት እዚያ ሄዳ በነፃ ትማከራለች፣ ጥብቅናም ይቆምላታል። በዓመቱ አርሲ ውስጥ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። ተከሰሰች። ወ/ሮ መዓዛ ጥብቅና ቆሙላት፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶ ራሷን ለመከላከል ነው ያደረገችው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሲሆን (ርዕሱን ያወጣው ሰው አማርኛ ያውቃል!) ባለታሪኳ «ሳልጠየቅ ተሠራ» ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ የአዲስ አበባው ምርቃት በእግድ ተቋርጦ ነበር። የሰው ታሪክ ልንጽፍ የምንዘጋጅ ሰዎች ይሄንንም ማወቅ አለብን።

ከአንድ ልጅ ነፃ መውጣት የሚበልጠው ግን ሕጉ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ይለው ነበር፤ ቅጣቱ ግን ከሦስት ዓመት እስራት አያልፍም። ያውም ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ የለም!

የእናቴ ታላቅ እህት የተጠለፈችው ይህ ሕግ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከገበያ ስትመለስ ወሰዷት። በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ሠርግ ተባለ። «አያቴ ለምን አልከሰሱም?» ብዬ ስጠይቅ ትልልቆቹ ይስቁብኛል። «ማንን ነው የሚከሱት፣ አማቻቸውን?» ይሉኛል። ከመካከላቸው ሕግ ያነበበ ሰው አልነበረም፤ ሕጉ የሚለው ግን እነሱ የሚሉትን ነበር።

ማኅበሩ የያዘው ይህን ነው። ሕግ ደግሞ በጭብጨባ አይለወጥም። መዝገብ ማገላበጥ፣ ጥናት መጻፍ፣ ስብሰባ መጥራት፣ ሳይሰሙህ ሲቀሩ በሚቀጥለው ወር ተመልሰህ መሄድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፣ ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑም ቀረ። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፤ ስለዚህ ሥራው እዚያ አላበቃም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል፤ ማግባትም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። ይህን ሁሉ ወ/ሮ መዓዛ ብቻቸውን ሠሩት አልልም፤ ብዙ ሴቶች ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አግዶት ነበር። እገዳው ሲነሳ ሴቶቹ ወደ ቢሯቸው ተመለሱና መዝገባቸውን ቀጠሉ። እኔ ከሹመቱ ይልቅ የማደንቀው ይህን መመለስ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፍርድ ቤት ይደብራል፣ መዝናኛ ላይ ስሪ፤ ለሴት እሱ ነው የሚሻላት» ይሉኛል። ለምን ለሴት? ወ/ሮ መዓዛ በፕሬዚዳንትነት በቆዩበት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችና የዳኝነት አስተዳደር አዋጆች ወጡ፤ ቁጥራቸው 1233 እና 1234 ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቁ። የሾሟቸው ዕለት ፎቷቸውን የለጠፍን ሁሉ እነዚያን አዋጆች ብናነባቸው ስለ እሳቸው የምንጽፈው ነገር ባላጣን ነበር።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተግባር ዘገባ ስንለማመድ ሁልጊዜ የግቢ በዓልና የስፖርት ውድድር ብቻ ከሚሆን፣ በወር አንድ ቀን ችሎት እንላክ። በግልጽ ችሎት ማንም መቀመጥ ይችላል። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ታክሲውን እኛው እንከፍላለን።