ጉብኝት ለብርቱ እግር ብቻ ነውን?

ከከተማ ወደ ገጠር ለአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ዛሬ የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነሥቶ፣ በሱሉልታና በሙከጡሪ አልፎ፣ ደብረ ሊባኖስን ተሳልሞ፣ በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለውን አይቶ፣ ማታ ቤቱ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ይህም መልካም ነው፤ አገርን ማየት አእምሮን ያሰፋልና። ነገር ግን ጉልበቱ ለደከመ ሽማግሌ፣ በምርኩዝ ለሚሄድና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ይህ መልካም ነገር ደጁ እንደ ተዘጋ ስናይ ዝም ማለት አይገባንም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። መንገደኛው አስቀድሞ፦ «እግሬ አይታዘዝልኝም፤ ልመጣ እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። አስጎብኚውም፦ «ምንም ችግር የለም፤ እናግዝዎታለን» ይለዋል። ቀኑ ሲደርስ ግን የመኪናው መወጣጫ ከፍ ያለ ይሆናል፤ ለወንበሩም ቦታ አልተዘጋጀም። ከስፍራው ሲደርሱ ማኅበሩ ሁሉ ወርዶ ይሄዳል፤ እርሱ ከሾፌሩ ጋራ ይቀራል። እንደ ሌሎቹ እኩል ከፍሎ ሳለ ያየው የመኪናውን መስታወት ብቻ ነው። ሙሉ ቁና ሸጦ እኩሌታውን የሚሰፍረውን ነጋዴ ሐሰተኛ የምንለው ከሆነ፣ ሙሉ ጉብኝት ሸጦ እኩሌታውን የሚያሳየውን ምን እንበለው?

አንዳንዶች፦ «ገደሉን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ገደሉን ደልድሉልን ያለ ግን ማንም የለም። ያን ታላቅ ሸለቆ ለማየት በድንጋያማው መንገድ እስከ ድልድዩ መውረድ ግድ አይደለም፤ ከላይ ከአፋፉ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ጥልቀቱን ከነግርማው ያየዋል። ጭላዳዎቹም ሣር ሲነጩ የሚታዩት በዚያው በአፋፉ ላይ ነው። የጐደለው ጥቂት የተስተካከለ መቆሚያ፣ ጥላ፣ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ነው። ስለ ደረጃውም ቢሆን ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ዘንበል ያለ መወጣጫ ከፍታው አንድ ሲሆን ርዝመቱ አሥራ ሁለት ነው። እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ሳንቃ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ለመሥራት ከውጭ አገር መሐንዲስ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የሰፈር አናጢ ይሠራዋል።

አባቶቻችን ሽማግሌውንና ሕመምተኛውን በበቅሎና በቃሬዛ ወደ ገዳም ያደርሱ ነበር። በላሊበላም እስከ ዛሬ ድረስ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ የሚወጣ መንገደኛ አለ። ዘዴው ከእኛ ዘንድ ሳይጠፋ ልቡ ስለምን ጠፋ? ነገር ግን ሰውን ሳይጠይቁ እንደ ጆንያ ብድግ አድርጎ መሸከም እርዳታ ሳይሆን ድፍረት ነው። «እንዴት ልርዳዎ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል፤ የገዛ አካሉን ጠባይ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ሌሎች ደግሞ፦ «እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ወጪው አይመለስም» ይላሉ። ጥቂቶች የመሰሉን የምንቈጥረው የመጡትን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ደጁ ተዘግቶባቸው ከቤት የቀሩትን ማን ቈጠራቸው? ደግሞስ ዛሬ ብርቱ የሆነው እግር ሁሉ ዕድሜ ከተሰጠው ነገ ምርኩዝ ፈላጊ አይደለምን? የሳንቃውም ዋጋ በመንገደኞች ሁሉ ላይ ቢከፈል የማንንም ኪስ አይጐዳም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት፦ «የተቀደሰ ስፍራ በሲሚንቶ አይበላሽ» የሚለው ነው። ፍርሃቱ በጎ ነው፤ ግን የሚነሣ የእንጨት መወጣጫ ግድግዳ አይበሳም፣ ድንጋይ አይፈነቅልም፣ ሲፈለግ ይዘረጋል፣ ሳይፈለግ ይነሣል። ይልቁንስ ስፍራው የማን እንደ ሆነ እናስብ። ደብረ ሊባኖስን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ገድላቸውም ከቁመት ጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረና በቀረው እግር ቆመው እንደ ጸለዩ ይነግረናል። ሠዓሊዎቻችንም እንዲሁ ይሥሏቸዋል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ አጽማቸው ይታሰባል። የተሰበረውን እግር በሥዕል እየተሳለምን፣ እግሩ የተሰበረውን ሰው ከሥዕሉ ፊት እንዳይደርስ ብናስቀረው ይህ ምን ዓይነት አክብሮት ነው? በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎችም በደጅ በኩል መግቢያ ቢያጡ ጣራውን ከፈቱ እንጂ ወንድማቸውን ከሜዳ ጥለው አልገቡም።

ሕግም አልጐደለም። የአካል ጉዳተኞች መብት የዓለም ስምምነት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሲጸድቅ፣ በ30ኛው አንቀጹ ስለ ባህል፣ ስለ መዝናኛና ስለ ቱሪዝም ስፍራዎች በግልጥ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃዋለች። የ2001 ዓ.ም. የሕንጻ አዋጅ ቍጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ሁሉ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ሲቀር ማንንም ደረጃ አያወጣም።

ስለዚህ ከአስጎብኚው የምንፈልገው ተአምር አይደለም። አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ምን ያህል ሜትር ሳያርፉ ይሄዳሉ? ወንበርዎ ይታጠፋልን፣ ስፋቱስ ስንት ነው? በመንገድ ላይ የሚመች መጸዳጃ ቤት የት እንዳለም አጣርቶ ይወቅ። ቀጥሎም እውነቱን ይናገር፤ «ይህን ያያሉ፣ ይህን አያዩም፣ ዋጋውም በዚያው መጠን ይቀንሳል» ይበል። እውነተኛ «አይቻልም» ከሐሰተኛ «ችግር የለም» እጅግ ይሻላል። የየደብሩ አስተዳዳሪዎችም አንድ ሳንቃና ሁለት ትጉሃን ወጣቶች በደጃቸው ቢያዘጋጁ ታላቅ ሥራ ነው። አብረን የምንጓዝ ሁሉ ደግሞ ጥቂት እንዘግይ፤ አንድ ሰው ከመኪና ውስጥ ትተን ሮጠን ያየነው ገደል ምንም ያህል ቢያምር፣ የተሳለምነውም ደጅ ምንም ያህል ቢከብር፣ ከወንድማችን ፊት አፍረን የምንመለስበት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።