ድግር፣ ማረሻና የሚያልቀው ክፍል ክብር

የክረምቱ ዝናብ ከመጣሉ አስቀድሞ በላሊበላ ዙሪያ ባሉ የላስታ መንደሮች የገበሬው ደጅ የጥገና ሥፍራ ይሆናል። ገበሬው ሞፈሩን አውጥቶ ያጋድማል፤ በማረሻው ግራና ቀኝ የተያያዙትን ሁለት የእንጨት ድግሮች በመዳፉ ይዳብሳል። ወፍራም የነበረው ጎን አፈር ሲፍቀው ከርሞ ሳስቷል፤ ገጹም እንደ መስታወት ለስልሷል። ገበሬው በዚህ ጊዜ መሐንዲስ አይጠራም። አስቀድሞ ቆርጦ ያደረቀውን ጠንካራ እንጨት በምሳር ጠርቦ ያስተካክላል፤ ወገሉን አላልቶ አሮጌውን ድግር ያወጣል፤ አዲሱን በቦታው አስገብቶ ያጠብቃል። አሮጌው ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ሞፈሩና እርፉ ግን ለብዙ ዓመታት ይቀጥላሉ።

ይህን ተግባር ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ተራ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። የጸሐፊው እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ድግር የመቀየር ተግባር በውስጡ አንድ ታላቅ የምህንድስና መርሕ ይዟል፤ ይህንን መርሕ በትምህርት ቤቶቻችን ባለማስተማራችን፣ መሣሪያ ስንገዛም ባለመጠየቃችን፣ አገራችን በየዓመቱ ብዙ ንብረት ታጣለች።

መርሑ እንዲህ ነው፦ ሁለት አካላት እየተፋተጉ መሥራታቸው የግድ ከሆነ አንደኛው ወይም ሌላኛው ማለቁ አይቀርም። ብልህ ንድፍ አውጪ ማለቅን ለማስቀረት አይታገልም፤ ይልቁንም የትኛው ክፍል እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይወስናል። የሚያልቀውን ክፍል ርካሽ፣ ለማየት የተጋለጠና በቀላሉ የሚወጣ ያደርገዋል። ድግሩ የሚያልቀው ሞፈሩ እንዳያልቅ ነው።

ይህ መርሕ ከላስታ ምድር እጅግ ርቀው በሚገኙ አገሮችም ይሠራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ውርጭና በረዶ ቢያውቅም፣ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ግን በአገራችን የለም። በካናዳ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ያቀረበው ስኪ ዱ የተባለ ተሽከርካሪ በጎማ ፋንታ በሚሽከረከር የላስቲክ ሰንሰለት ይጓዛል። በዛሬዎቹ የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪዎች ሰንሰለቱን ከውስጥ በኩል የሚመሩት ሁለት የብረት ሐዲዶች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ሥር ረጃጅም የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች ተገጥመዋል። በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የብረት ማያያዣዎች የሚፋተጉት ከሐዲዱ ጋር ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር ነው። በረዶው መንሸራተቻውን ያቀዘቅዘዋል፤ ያለሰልሰዋልም። ተሽከርካሪው በረዶ በሌለበት መሬት ላይ ብዙ ከተነዳ ግን ፕላስቲኩ ግሎ ይቀልጣል። መንሸራተቻው ሲሳሳ ባለቤቱ በገዛ ግቢው ጫፉ ላይ ያለውን ብሎን ይፈታል፤ አሮጌውን ገፍቶ ያወጣል፤ አዲሱን በሳሙና ውኃ አርሶ ያስገባል። የላስታው ገበሬና የካናዳው ነጂ ባይተዋወቁም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው።

ሳይንሱ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? የመፋተግ፣ የማለስለስና የማለቅ ጥናት ዛሬ ትራይቦሎጂ በመባል ይታወቃል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1966 በብሪታንያ ፒተር ጆስት በመሩት ዘገባ ይፋ ሆነ፤ መፋተግ ከሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1953 አርቻርድ የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ ቀላል ቀመር አቅርቦ ነበር። በቀመሩ መሠረት ተፍቆ የሚጠፋው ይዘት ከጫነው ኃይልና ከተጓዘው ርቀት ጋር በቀጥታ፣ ከሚያልቀው አካል ጥንካሬ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ጫናው እጥፍ ቢሆን ብክነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጥንካሬው እጥፍ ቢሆን ብክነቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ርቀቱን እስቲ በእርሻችን እናስላው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። በትልምና በትልም መካከል ያለውን ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ብንወስድ፣ 2,500ን ለ0.25 ስናካፍል 10,000 ሜትር እናገኛለን። እንግዲህ ማረሻው አንድን ጥማድ አንድ ጊዜ ለማረስ 10 ኪሎ ሜትር በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ይጓዛል። ገበሬው አራት ጥማድ አራት ጊዜ ደጋግሞ ቢያርስ ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ነው። ይህን ሁሉ ርቀት ከምድር በታች የሄደ ብረትና እንጨት ቢያልቅ ምን ይደንቃል?

ጥንካሬውንም እንመልከት። የላስታ ምድር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ አለት የተሠራ ነው። በዚህ ዓይነት አለት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ማዕድናት በሞህስ መለኪያ 6 ገደማ ጥንካሬ አላቸው። ያልጠነከረ ብረት ግን ከ4 እስከ 5 ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ብረቱን ይፍቀዋል እንጂ ብረቱ ድንጋዩን አይፍቀውም። የአንጥረኛው ጥበብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንጥረኛው ማረሻ ለመሥራት የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሲመርጥ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌስትራ ግማሽ በመቶ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ይዟል። በወናፍ ፍም እስኪመስል ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ የካርቦን አተሞች በብረቱ ክሪስታል ውስጥ ታስረው ይቀራሉ፤ ማርቴንሳይት የተባለ እጅግ ጠንካራ አወቃቀርም ይፈጠራል። ጥንካሬውም ወደ ድንጋዩ ይጠጋል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። የካርቦን መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ የግንባታ ብረት ግን የቱንም ያህል ቢግልና ቢነከር ይህን ጸባይ አያገኝም። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጥቂት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ሳይንስ ተብሎ የሚሰጠውን ትምህርት አንጥረኛው በፍሙ ቀለም ያነብበዋል።

ብዙዎች መፋተግ ያነሰበት ነገር ሁሉ ዘግይቶ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲሠሩ መጀመሪያ የመረጡት እጅግ የሚያንሸራትተውን ቴፍሎን ነበር። መፋተጉ በእርግጥ ጥቂት ሆነ፤ ቴፍሎኑ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጃጅም ወደሆኑት የፖሊኤትሊን ዓይነት ተሸጋገሩ፤ ውጤቱም አመርቂ ሆነ። በበረዶ ተሽከርካሪው ሐዲድ ሥር የሚገባው ፕላስቲክም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መፋተግና ማለቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ዋናው ክርክሬ ልመለስ። ወደ ገጠሩ የሚገባ ማናቸውም መሣሪያ ከዋጋውና ከጉልበቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት እላለሁ። የሚያልቀው የቱ ክፍል ነው? ማን ይቀይረዋል? መተኪያውስ የት ይገኛል?

ሦስቱን ጥያቄዎች አስበው የተነሡ ንድፎች አሉ። በአገራችን ብዙ የገጠር ጉድጓዶች ላይ የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ ሲነደፍ ዋና ዓላማው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ማድረግ ነበር። የእጀታው ኩሽኔታዎች በእጅ የሚገጠሙ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ፒስተኑ የውኃ መስመሩን ቱቦ ሳያስፈቱ ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል፤ ለሥራው አንድ መፍቻ ይበቃል። የሚያልቀው ጎሚኒና ፕላስቲክ ነው፤ ቱቦውና የቆመው አካል ይኖራሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ሲረሳ ግን፣ ማለትም ጎሚኒው በአቅራቢያ ሱቅ ሲጠፋ፣ ይህም ፓምፕ ቆሞ ይቀራል። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ተመራማሪዎች አፈር የሚገለብጥ ማረሻ በነባሩ ሞፈርና እርፍ ላይ እንዲገጠም አድርገው ነድፈዋል። ገበሬው የሚያውቀውንና ራሱ የሚሠራውን አካል ሳይነኩ አዲስ ጥቅም መጨመር ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና አደገኛ ነው፤ ለባለሙያ መተው ይሻላል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። በላሊበላ አቀበትና ቁልቁለት የሚመላለሰው የባጃጅ ፍሬን ሸራም የሚያልቅ ክፍል ነው፤ ነገር ግን በስሕተት ቢገጠም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ፍሬን ሸራዎች በሳንባ ላይ ካንሰር የሚያመጣውን አስቤስቶስ ይዘው ስለሚገኙ ብናኙን በአየር መንፋት አይገባም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በቤት ይጠገን አልልም። የምለው፣ ለመቀየር ባለሙያ ቢያስፈልግም እንኳ ማለቁን ለማወቅ ግን ተጠቃሚው ራሱ መሠልጠን አለበት ነው። ሸራው ሳይሳሳ ያስተዋለ ነጂ ከበሮውን ከመፋቅ፣ ራሱንም ከገደል ያድናል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የኑሮ ብቻ ሳይሆን የህልውናም ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላስታ ከቀረው አገር ጋር በተቆራረጠችበት ወቅት ከሩቅ የሚመጣ መለዋወጫ የሚጠብቅ ማሽን ተስፋ አልነበረውም። ድግርና ማረሻ ግን መተኪያቸው በመንደሩ ጫካና በአንጥረኛው ወናፍ ዘንድ ነበር።

ይሁን እንጂ መተኪያውን የሚሠራውን ሰው እንዴት ይዘነዋል? አንጥረኛን ማንቋሸሽ አሮጌ ጠባሳችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ከአንደበታችን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ብረትን አንጥሮ እህል የሚያበላንን ሰው እየናቅን ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ብንናገር ከንቱ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው አንባቢ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤተሰብህ ስትሄድ፣ ስትሄጂ፣ አንድ ማረሻ ከወቅቱ በፊትና በኋላ በሚዛን ይመዘን፤ የታረሰው ጥማድም ይቆጠር። የጠፋው ብረት በተጓዘው ኪሎ ሜትር ይካፈል። ከባሌስትራና ከግንባታ ብረት የተሠሩ ማረሻዎችም ይነጻጸሩ። ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

በላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት መተኪያ የሌላቸው ናቸው። ምእመናን ጫማ አውልቀው የሚገቡት ለቅድስናው ክብር ነው፤ ያም ክብር ወለሉንም ከጫማ ፍትጊያ ይጠብቀዋል። በወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ያልቃል፤ ይቀየራልም፤ አለቱ ግን ይኖራል። የማይተካውን ለማቆየት የሚተካውን መስጠት፣ የሚተካውንም በጊዜው መቀየር፣ ቀያሪውንም ማክበር፤ ገበሬው በየክረምቱ ዋዜማ በደጁ የሚያስተምረን ይህንን ነው።