መጽሐፉ አለ፤ መንገዱስ?

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በደማምና በኾበር መካከል፣ ዳህራን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ነዳጅ የፈለቀበት የደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ አለ። ኢትራ የተባለው የባህል ማዕከል የቆመው በዚሁ አካባቢ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ዓርብ ዕረፍት ያገኘች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እዚያ ብትገባ በአማርኛ ምን ታነባለች? ከአዲስ አበባስ ማን ምን ልኮላታል?

ሳዑዲዎች ቤተ መጻሕፍቶቻቸውን በማስተባበር ብዙ ርቀዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በተቋቋመው የሳዑዲ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በኩል የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትንና የምርምር መጽሔቶችን በጋራ ይጠቀማሉ። ሪያድ ያለው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት የሚመራው የአረብኛ የጋራ ካታሎግ ደግሞ አንዱ የመዘገበውን ሌላው እንደገና ከመመዝገብ ያድነዋል። ነገር ግን በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ዕውቀት የሚከፈተው በዩኒቨርሲቲ መለያ ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ከተማ ለሚኖር ሠራተኛ ምን ይፈይድለታል?

ዋናው ጥያቄ ግን ለእኛ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ኪሎ ላይ አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ሦስቱም ያሉት በአንድ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ነው። የሦስቱን ክምችት በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ ካታሎግ ኾበር ያለ አንባቢ በስልኩ መክፈት ይችላል? አሳታሚው በሕግ ተገድዶ ለወመዘክር የሚያስገባው ቅጂ የሚጠበቀው ለማን ነው?

ልምዱ የለንም ማለት አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ብራናዎቻችንን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሡ፤ ምሁሩ ጌታቸው ኃይሌም ይዘታቸውን በመዘርዘር ረጅም ዘመን ደከሙበት። ዛሬ ብዙዎቹን ማንም ተመዝግቦ በነጻ በኢንተርኔት ያያቸዋል። ለጥንቱ ብራና በሚኒሶታ በኩል መንገድ ከተገኘ፣ በዘመናችን ለታተመው መጽሐፍና ጋዜጣ መንገዱን የሚያቀናው ማን ነው?

ቴክኖሎጂ ይፈታዋል የሚል መልስ ይሰማል። በመጀመሪያ መዝጋቢዎቹ ሳይስማሙ ማሽኑ ምን ይፈታል? የደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ስም አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ውጭ አገር ያለው ደግሞ በላቲን ፊደል ቢመዘግበው፣ ኮምፒዩተሩ ሦስት ደራሲ ይቆጥራል። ስካነር የሚያነሣው የገጹን ፎቶ ነው፤ ፊደሉ ወደሚፈለግ ጽሑፍ ካልተለወጠ ፈላጊው በምን ያገኘዋል? የጋራ የስም አመዘጋገብ ደንብ ሳይከበር፣ የግዕዝ ፊደል ማንበቢያ ሶፍትዌር በጋራ ሳይሠራ፣ ለዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ምን ያተርፋል?

የደራሲን መብት አክብሮም የሚሠራ ብዙ አለ። ካታሎግን በኢንተርኔት መክፈት የማንንም መብት አይነካም። በውጭ ያለ ዜጋ በፓስፖርቱ የአንባቢነት መለያ ቢሰጠው ማን ይጎዳል? ለኢትራ አንድ የአማርኛ መደርደሪያ ለማበርከት ጥያቄ ማቅረብስ ምን ይከብዳል?

ለዚህ ሌላ ሕንጻ አያስፈልግም። የሦስቱ ተቋማት ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ የጋራ ካታሎጉ የሚከፈትበትንም ቀን ቆርጠው ለሕዝብ ይንገሩ። ቀኑ መቼ ነው?