የአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዝ





ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችውን ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ነው። ወደዚህች ከተማና ወደ አካባቢዋ በየዓመቱ አዳዲስ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ተመድበው ይመጣሉ። እንደ ሌላው የአገራችን ወረዳ ሁሉ እነዚህን ወጣቶች በቅድሚያ የሚፈትናቸው የመጀመሪያው ደመወዝ መዘግየት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የቅጥሩ ደብዳቤ ግልባጭ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መውጣት፣ የጡረታ ቅጽ መሞላት፣ የባንክ ሒሳብ መከፈት አለበት። የወሩ ፔሮል ደግሞ ተሠርቶ የሚያልቀው ወሩ ሳያልቅ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ ጥቂት ቀን የዘገየበት ሠራተኛ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። አንድ ፊርማ ቢጐድል ሌላ ወር ይጨመራል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ የአንዱ ደብዳቤ ጉዞ ምን ያህል እንደሚረዝም አንባቢ ይገምተው። ሠራተኛው ሲጠይቅ «ውዝፍ ሆኖ ይከፈልሃል» ይባላል። እርግጥ ይከፈላል፤ ዳሩ ግን ባለቤቱ የቤት ኪራዩን የሚጠይቀው አስቀድሞ ነው፤ ባለሱቁም በዱቤ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው። አገሩ የበርበሬና የበቆሎ አገር ቢሆንም ለእንግዳ በነጻ የሚሰፍርለት የለም። ገበሬው አዝመራ እስኪደርስ ቢጠብቅ ጐተራ አለው፤ ደመወዝተኛው ግን ጐተራው ደመወዙ ነው። (ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት በመሆኗ የነሐሴው ደመወዝ 35 ቀን እንደሚያኖር ነባሩ ሠራተኛ ያውቀዋል፤ አዲሱ ግን መስከረም ሲብት ገና አንድም አልተቀበለም።)

ነባሮቹም ቢሆኑ ከዚህ ችግር ነጻ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በአንዳንድ ዞኖች መምህራን ደመወዛቸው ለወራት ስለ ዘገየ ወይም ከፊሉ ብቻ ስለ ተከፈለ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ያልተመለሰ የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ከበጀት መቀነሱ ነበር። ማዳበሪያ በብዛት በሚሠራበት በእኛም አገር ይህ ነገር በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል፤ የገበሬ ዕዳ በመምህር ደመወዝ መከፈሉ ትክክል ነው አልልም።

በጥንት ጊዜ የመንግሥት ሹም የሚኖረው በማደሪያ መሬትና ከባላገሩ በሚሰበስበው ቀለብ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. በኋላ ለሹማምንት የወር ደመወዝ እንዲቆረጥ የተደረገበት አንዱ ዓላማ ይህን ለማስቀረት ነው። እንግዲህ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ደብተር የሚጽፍ ወጣት ሁለት ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቢቀመጥ ወደ ማን እጅ ይመለከታል? ይህን ጥያቄ የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያስቡበት መልካም ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር እንዲሆን መወሰኑ የሚያስመሰግን ነው፤ ለባለ ዱቤው ግን የሚታየው በእጅ የገባው ብቻ ነው።

ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ እንዲከፈል የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ወረቀታቸው ለዘገየ አዲሶች በወሩ መጨረሻ ሁለተኛ ፔሮል ቢሠራ፣ ይህ ካልተቻለ ከደመወዛቸው አንድ ሦስተኛው በብድር ተሰጥቶ ከውዝፉ ቢቀነስ ከባድ ነገር አይመስለኝም። ወጣቶቹም ከቤታቸው ሳይነሡ የግብር ቁጥራቸውንና የባንክ ደብተራቸውን ቢይዙ ይበጃቸዋል። ዕቁብ ለመግባትም አይቸኩሉ፤ ደመወዙ ያልተስተካከለለት ሰው ዕጣው ሳይደርሰው መክፈል አቅቶት ስሙን ሲያጠፋ አይተናል።

ቢያንስ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የማን ወረቀት እንደ ጐደለና ምን እንደ ጐደለ በየወሩ በ15ኛው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ፣ ሠራተኛው ትምህርት ቤቱን ወይም ጤና ጣቢያውን ትቶ በየቢሮው ደጅ ከመጥናት ይድን ነበር።

ከማንኩሳ፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ