የገደብ ነጋዴና ገደብ ያጣው ወለድ

ጥቅምት ከገባ በኋላ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ ስለ ገንዘብ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ነጋዴ ማግኘት ያስቸግራል። ቀዩ እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ማምሻውን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይወርዳል፤ በዚያው ሌሊትም መፈልፈል አለበት። ካደረ ይቦካል፣ ከቦካ ደግሞ በይርጋ ጨፌ ስም ሊሸጥ የነበረው ቡና ደረጃው ይወርዳል። ገበሬውም እሸቱን ሚዛን ላይ ካስቀመጠ በኋላ ብሩን ቆጥሮ መሄድ ይፈልጋል። «ሰኞ ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። እውነቱን ነው፤ ማዶ ሌላ ሚዛን አለ።

ይህ ጸሐፊ ዛሬ ሊያነሣ የፈለገው የእሸቱን ዋጋ አይደለም። ነገሩ አቅራቢው ለእሸቱ የሚከፍለውን ብር የሚያገኝበት መንገድ፣ ማለትም ኦቨርድራፍት የሚባለው የባንክ ብድርና መንገድ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ነው።

ኦቨርድራፍት ለነጋዴ የተመቸ ብድር መሆኑን መካድ አይቻልም። ባንኩ በተንቀሳቃሽ ሒሳብ ላይ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ነጋዴው ሒሳቡ ባዶ ቢሆንም እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ያወጣል፣ ሲያገኝ ይመልሳል። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ በወጣው ገንዘብ ላይ ሲሆን በወሩ መጨረሻ ከሒሳቡ ይቆረጣል። ዛሬ ወስዶ ነገ የመለሰ የአንድ ቀን ብቻ ይከፍላል። ወቅት ጠብቆ ለሚሠራ የቡና ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ብድር ማሰብ ያዳግታል። ጣጣው ያለው «በየቀኑ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

እንዲህ እንበል። አንድ የአዲስ አበባ ላኪ በገደብ ካለው አቅራቢው ቡና ገዝቷል። ዓርብ ጧት ከኦቨርድራፍት ሒሳቡ 2 ሚሊዮን ብር አውጥቶ፣ በሌላ ባንክ ወዳለው የአቅራቢው ሒሳብ ያስተላልፋል። አቅራቢውም ለእሸት መግዣ ያንኑ ያህል ኦቨርድራፍት ወስዷል፤ ገንዘቡ ሲገባለት ዕዳው ይቀላል። የላኪው ባንክ ገንዘቡን በደቂቃ ውስጥ ቆርጦ በስልክ መልእክት አበሠረ። በገደብ ያለው ቅርንጫፍ ግን «አልደረሰም» ይላል። ኔትወርክ የለም፣ ሲስተም ቆሟል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አላጸደቀም፤ ምክንያት አይጠፋም። ቅዳሜና እሑድ አለፉ። ብሩ ሰኞ ገባ።

ታዲያ በእነዚህ ሦስት ቀናት ወለድ የከፈለው ማነው? ሁለቱም ናቸው። ላኪው ገንዘቡ ዓርብ ከሒሳቡ ስለወጣ ወለዱ ከዓርብ ጀምሮ ይቆጥርበታል። አቅራቢውም ገንዘቡ ስላልገባለት የድሮው ዕዳው ወለድ እስከ ሰኞ አልቆመለትም። በአንድ ብር ላይ ሁለት ወለድ ይቆጠራል፣ ብሩ ግን በሁለቱም እጅ የለም። በዓመት 18 በመቶ ብናስብ የ2 ሚሊዮን ብር የአንድ ቀን ወለድ 986 ብር ገደማ ነው። በሦስት ቀን፣ በሁለቱ በኩል ተደምሮ፣ ወደ 5,900 ብር ይጠጋል። ባንኮቹ ለዚህ ገንዘብ የሰጡት አገልግሎት ቢኖር ማዘግየት ነው።

ይህ ገና ወለዱ ነው። ዓርብ ማታ ብር ያጣው አቅራቢ ወይ እሸቱን ለጎረቤቱ ይለቃል፣ ወይ አራጣ ይወስዳል፣ ወይ ከጣሪያው አልፎ እንዲያወጣ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ይለምናል። ለጣሪያ ማለፍ ደግሞ የቅጣት ወለድ የሚያስከፍሉ ውሎች አሉ። አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ የታጠበ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው፣ የአንድ ምሽት ግዢ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። (ደላላው ብቻ ነው በዚህ ሁሉ መሐል ኮሚሽኑን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ የሚተኛው።)

የካርዱም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዲላ ላይ ነዳጅ ቀድቶ በካርድ የከፈለ ነጋዴ ማሽኑ «አልተሳካም» ይለዋል፤ በኪሱ ካለው ጥሬ ገንዘብ ይከፍልና ይሄዳል። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ብሩ ተቆርጧል። እስኪመለስለት ቀናት ያልፋሉ፤ ካርዱ ከኦቨርድራፍት ሒሳቡ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ላልገዛው ነዳጅ ወለድ ይከፍላል። የባሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የከፈለው ገንዘብ ሳይቆረጥ ቀናት ይቆይና ሒሳቡ ሙሉ መስሎ ይታየዋል። እሱም ያንን አምኖ ቼክ ይጽፋል። የዘገየው ክፍያ ቼኩን ቀድሞ ይቆረጥና ቼኩ ያለ ሽፋን ይመለሳል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ሽፋን የሌለው ቼክ ማውጣት እንደሚያስከስስ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሊጠፋ የማይገባውን ስም የማሽን መዘግየት ሊያጠፋው ይችላል ማለት ነው።

ባንኮች መልስ የላቸውም አይባልም። «ገንዘቡ መንገድ ላይ በቆየበት ጊዜ እኛም አልነገድንበትም» ይላሉ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ገንዘቡ ከላኪው ባንክ ወጥቶ በኢትስዊች ወይም በብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት በኩል ሲያልፍ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። የንግድ ባንክ በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ኤቲኤሞች ተክሎ ሲጀምር ካርዱ የሚሠራው በራሱ ማሽን ብቻ ነበርና ተጠያቂው ግልጽ ነበር። ዛሬ ማሽኖቹና ባንኮቹ ተገናኝተዋል፤ ይህ ትልቅ ዕድገት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የት ቦታ እንደቆመ በመዝገብ ማየት የሚችሉት ባንኮቹ ናቸው። ነጋዴው የሚያየው የስልክ መልእክት ብቻ ነው። ማየት የማይችለው ወገን የሚከፍልበት፣ የሚያየው ወገን ወለድ የሚሰበስብበት ሥርዓት ማንንም ወደ ጥገና አያጣድፍም።

ስሕተቱ ባንኩን ሲጎዳስ? መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሲስተሙ ሲሳሳት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ አወጡ፤ ባንኩ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ያንን ያልታሰበ ኦቨርድራፍት ለማስመለስ ባንኩ ጊዜ አላጠፋም። የመለሰ እንደማይከሰስ አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ስማቸውን ከነፎቶግራፋቸው ለሕዝብ አወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥም አብዛኛውን ሰበሰበ። ገንዘቡ የባንኩ ነውና ማስመለሱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በሺህ በሚቆጠሩ ደንበኞች ሒሳብ የተበተነን ገንዘብ በቀናት ውስጥ ለይቶ ማወቅ የሚችል የባንክ ሥርዓት፣ የአንድ ገደብ አቅራቢን 2 ሚሊዮን ብር ፈልጎ ማግኘት ለምን ሦስት ቀን ይፈጅበታል?

በሌላው ዓለምም ባንኮች በራሳቸው ፈቃድ አልታረሙም። አሜሪካ ውስጥ የካርድ ክፍያዎችን ቅደም ተከተል ከትልቅ ወደ ትንሽ አዛውረው የኦቨርድራፍት ክፍያ ያበዛሉ ተብለው ብዙ ባንኮች ተከሰሱ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በ410 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በኦቨርድራፍት ላይ የቀንና የወር ቁርጥ ክፍያዎችን አስቀርታ ባንኮቹ በአንድ ግልጽ የዓመት ወለድ እንዲያስከፍሉ አደረገች። እዚያ ደንበኛው ባንኩን ጥሎ ወደ ሌላው መሄድ ይቀለዋል። እኛ ዘንድ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከገደበ በኋላ፣ ጣሪያው ወደ በኋላ ከፍ ቢልም፣ ኦቨርድራፍት ያለው ነጋዴ ያለውን እንዳያጣ ይፈራል እንጂ ባንክ አይቀይርም። ይህን ባንኮቹም ያውቁታል።

የሚፈለገው አዲስ ሲስተም አይደለም፤ አንድ የውል አንቀጽ ነው። ገንዘብ ከላኪው ሒሳብ የወጣበት ቀን ለተቀባዩም ወለድ የሚቆምበት ቀን ተደርጎ ይታሰብ፤ መሐል ላይ የተፈጠረውን የቀናት ልዩነት ሁለቱ ባንኮች እርስ በርሳቸው ይወራረዱበት። ያልተሳካ የካርድ ክፍያ ሲመለስም ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ እንደተመለሰ ይቆጠር። ብሔራዊ ባንክ ይህን በመመሪያ ቢያዝ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል።

እስከዚያው ግን የገደብና የዲላ ነጋዴዎች የኦቨርድራፍት ውላቸውን ከመኸሩ በፊት ሲያድሱ አንቀጹ እንዲገባ ይጠይቁ፤ የእያንዳንዱን ዝውውር ቁጥርና ሰዓትም ይያዙ። የቅርንጫፉ ሠራተኛ «ውሉ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፣ አይነካም» ሊላቸው ይችላል። ያው ዋናው መሥሪያ ቤት የውጭ ምንዛሪ ከሚያመጡለት ትልልቅ ላኪዎች ጋር ግን ስለ ወለድ ይደራደራል፤ ላኪዎቹም የሚልኩት ከገደብ የመጣውን ቡና ነው።