የቁጥር ዐምድ፦ ያልመጣችው ጳጉሜን ስድስት

ዛሬ አንድ ትልቅ ቁጥር ይዘን መጥተናል። ቁጥሩ 7516 ነው። ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስድስት ተብሎ ይነበባል። ይህ ቁጥር ምን ያደርግልናል? እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ የቢቸና ገበሬ ሞጣ ገበያ ሄዶ በሬውን በዱቤ ሸጠ እንበል። ገዢው «ገንዘቡን ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. እከፍላለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሻጩ ማንበብ ተምሯልና ወረቀቱን ራሱ አነበበው። ደስ ብሎትም በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ጳጉሜን 5 አለፈ። በማግስቱ ሄዶ ገንዘቤን ቢል፣ ገዢው «ኧረ አያ! ዛሬ እኮ መስከረም 1 ነው። የተባለው ቀን መቼ መጣ?» አለው።

እውነትም በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን አልነበረም። ሻጩ ፊደሉን አንብቧል፤ ቁጥሩን ግን አልመረመረም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። መጀመሪያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ። 5500 እና 2016 ሲደመሩ 7516 ይሆናሉ። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ቀጥሎ ለ4 ያካፍሉታል። 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው።

7516 ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፤ ትርፍ የለውም። ስለዚህ 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጳጉሜንም 5 ቀን ብቻ ነበረች።

«ይህን ሁሉ ማካፈል ያደክመናል» ትሉ ይሆናል። አቋራጭ አለው። 100 ብር ለአራት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 25 ብር ይደርሰዋል፤ የሚተርፍ የለም። አንዱ መቶ ካልተረፈ ሰባ አምስቱም መቶ አይተርፍም። ስለዚህ 7500ን ተዉትና መጨረሻ ያለውን 16 ብቻ ለ4 አካፍሉ። 4 ጊዜ 4፣ 16 ነው፤ አለቀ። 5500ም በመቶ የተሞላ ስለሆነ ሳትደምሩት ብትቀሩ ትርፉ አይለወጥም። የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ማየት ይበቃል።

2015ን እንሞክር። 15 ለ4 ሲካፈል 3 ጊዜ ደርሶ 3 ይተርፋል። ዘመነ ሉቃስ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች።

አሁን ደግሞ እርሳሳችሁን አንሱ። የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስንት ቀን አላት? 3 ከተረፋችሁ አልተሳሳታችሁም። ከእንግዲህ የጳጉሜን ቀጠሮ ያለበት ወረቀት ሲሰጣችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ዓመቱን ለ4 አካፍሉ። ለጎረቤትም አሳዩት።