«በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ሲሏችሁ፦ ከእንጦጦ ቅጠል እስከ መድኃኒት ያለው ረጅም መንገድ

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ወረድ ወረድ ካላችሁ አንዱ ብቅ ማለቱ አይቀርም። አረንጓዴ ዱቄት የታሸገበት ፕላስቲክ፣ ከጀርባው ደን፣ ከታች ስልክ ቁጥር። «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለኩላሊት... በላብራቶሪ የተረጋገጠ!» ቴሌግራም ላይ ደግሞ ለማስረጃ የአንድ ጥናት ገጽ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰንጠረዥ አለው፦ አልካሎይድ +፣ ፍላቮኖይድ +፣ ሳፖኒን +፣ ታኒን +።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያ የመደመር ምልክት ነው። ብዙ ሰው ምልክቱን «ያድናል» ብሎ ያነበዋል። ምልክቱ ግን እንደዚያ አይልም። በዚህ ልዩነት መሃል የሚጠፋው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊትም፣ ዓይንም፣ ሕይወትም አለ።

የባህል መድኃኒት ለማጣጣል አይደለም የተነሳነው። ለኢትዮጵያ ሁሌም የሚጠቀሰው ግምት 80 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ በባህል መድኃኒት ይጠቀማል የሚል ነው። እኛም ጉንፋን ሲይዘን ዳማከሴ ተጨምቆልን ያደግን ነን። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ላብራቶሪው በትክክል ምንድን ነው ያረጋገጠው?

ያ ምልክት ከየት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተመራማሪ፣ ብዙ ጊዜ የማስተርስ ተማሪ፣ ቅጠል ወይም ሥር ይሰበስባል። ናሙናውን አራት ኪሎ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወስዶ ትክክለኛ ሳይንሳዊ ስሙን ያስለያል። ከዚያ በጥላ ያደርቀዋል፤ ፀሐይ አንዳንዱን ንጥረ ነገር ስለሚያበላሽ። ይፈጨዋል፣ በሜታኖል፣ በኤታኖል ወይም በውሃ ይዘፈዝፈዋል፣ ያጠለዋል፣ ፈሳሹን ያተንናል። የሚቀረው ወፍራም ጭምቅ ነው።

ጭምቁ በየሙከራ ቱቦው ይከፋፈልና ምርመራው ይጀመራል። ከውሃ ጋር ሲናጥ አረፋ ሠርቶ አረፋው ከቆየ ሳፖኒን አለ። ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ከተለወጠ ታኒን አለ። ድራጀንዶርፍ የሚባለው ፈሳሽ ሲጨመርበት ብርቱካናማ ዝቃጭ ከታች ከተኛ አልካሎይድ አለ ተብሎ ይያዛል። ቀለም ታየ? «+»። አልታየም? «−»። በቃ፣ ሰንጠረዡ ይኸው ነው። ይህ ስክሪኒንግ ይባላል፤ በተክሉ ውስጥ ምን ዓይነት የኬሚካል ቤተሰቦች እንዳሉ የሚያሳይ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አልካሎይድ ነው። ሻይ ውስጥ ታኒን ሞልቷል። ሽንኩርት ፍላቮኖይድ አለው፣ ሽንብራ ሳፖኒን አለው። እና በዚህ ምርመራ የሽሮ ወጣችንም ከሻይ ጋር «አራት ፕላስ» ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ሽሮ ግን ስኳር በሽታን ያድናል የሚል አልሰማንም።

ቀጣዩ ደረጃ ብዙ ጊዜ ጭምቁን ባክቴሪያ ላይ መሞከር ነው። እዚህም «ባክቴሪያ ገደለ» የሚል ውጤት ሲመጣ ማስታወቂያው ይጮሃል። በረኪናም እኮ ባክቴሪያ ይገድላል፤ የሚጠጣው ግን የለም። ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ናቸው ከባዶቹ፦ የሚሠራውን አንዱን ውህድ ለይቶ ማውጣት፣ በእንስሳ ላይ መርዛማነቱን መፈተሽ፣ መጠኑን መወሰን፣ መጀመሪያ በጥቂት ቀጥሎ በብዙ ሰዎች ላይ መሞከር። ይህ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ሰንጠረዡ ያለው በመሰላሉ ታችኛ እርከን ላይ ነው። ሻጩ ግን እንደ ጣሪያው አድርጎ ይሸጥላችኋል።

ሁለት ዛፎች፣ አንድ ትምህርት

ከእንጦጦ ራሱ ምሳሌ እንውሰድ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ለአዲስ አበባ ማገዶ ሆኖ፣ በእናቶቻችን ጀርባ እየተሸከመ ከተማዋን ያኖረ ዛፍ። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን የምንታጠነውም እሱን ነው። በውስጡ ያለው ዋናው ውህድ ሲኒዮል ይባላል። ተለይቶ ወጥቷል፣ መጠኑ ተለክቷል፣ በሰው ላይ ተሞክሯል፣ አውሮፓ ውስጥ ለመተንፈሻ አካል ሕመም በካፕሱል ይሸጣል። የዚያው ዛፍ ዘይት ግን ሕፃን ልጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ቢውጠው ሊመርዘው ይችላል። ዛፉ ያው ነው። ልዩነቱ መጠንና አወሳሰድ ነው።

ሁለተኛው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላ አገር አያቶቻችን የኮሶ ትልን ያስወጡበት የነበረው የሴቴዋ ዛፍ አበባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የፋርማሲ መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ነበር። ኮሶቶክሲንን የመሰሉ ውህዶች እንዳሉትም ተለይቷል። ማለትም ይሠራል! ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳና እስከ መታወር እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ዛሬ በአንድ ዶዝ የሚያልቅ ክኒን ስላለ ሐኪም ኮሶ አያዝም። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ኮሶ ጋ ሲደርስ ይወድቃል።

የስም መሳሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ብራሰልስ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን ይሰጥ ነበር። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ተክል ተቀላቀለና ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። የእኛው አገር ሽፈራውስ? በዓለም ላይ ብዙ የተጠናው የህንዱ ዝርያ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ሽፈራው ግን ሌላ ዝርያ ነው። ማስታወቂያው የአንዱን ጥናት ለሌላው ሲለጥፍ ማን ያስተውላል?

አክሊሉ ለማ ያሳየን መንገድ

«ታዲያ ዕፅዋታችን ከንቱ ናቸው?» ለሚል ጠያቂ መልሱ እንዶድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ትል ደግሞ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ልብስ የሚያጥበው አረፋ፣ ያ ሳፖኒን፣ ቀንድ አውጣውን ይገድላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆመው «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ብለው ሊሸጡት ይችሉ ነበር። አልቆሙም። ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በ1966 መሠረቱ። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መሃል ኃይለኛውንና ምርታማውን «ዓይነት 44» መረጡ። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው የመስክ ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቋማት ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ እሱን ለማሟላት እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ፈጀ። አክሊሉ በድሃ አገር የተሠራ ምርምር አይታመንም ብለው በግልጽ ወቅሰዋል። ሁለቱም ሳይንቲስቶች በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ልብ በሉ፦ እንዶድ የሚጠጣ መድኃኒት አልሆነም፤ መርዛማ ነው። የተጠናው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ እንዲገድል ነው። ጥናት ማለት ይኼ ነው፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት፣ በምን ያህል፣ ለምን እንደሚሠራ መለየት።

ለምን ታችኛው እርከን ላይ ቀረን?

ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ ከፍተኛ ዕፅዋት አሏት፤ 10 በመቶ የሚሆኑት ሌላ የትም አይገኙም። በየዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የስክሪኒንግ መመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። ለምን ወደ ላይ አይወጣም?

አንደኛው ገንዘብ ነው። አረፋና ቀለም ለማየት የሚያስፈልገው ቱቦና ጥቂት ኬሚካል ነው። አንዱን ውህድ ለይቶ ማውጣት ግን ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ በሰው ላይ መሞከር ደግሞ ሆስፒታል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ዓመታት። ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ሻጩ ፎቶ ያነሳዋል።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የመንግሥት ተቋማት ለኮቪድ የሚሆን አገር በቀል መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ምርምሩን አልፎ ወደ እንስሳትና ወደ ሰው ሙከራ ሊሸጋገር ነው ብለው አስታወቁ። መግለጫው «ሊሸጋገር ነው» አለ፤ ሶሻል ሚዲያው ግን «ኢትዮጵያ መድኃኒት አገኘች» ብሎ አዳረሰው። የመጀመሪያው እርከን እንደ መጨረሻው ተቆጠረ።

ሦስተኛው እምነት ነው። አዋቂው ዕፁን የሚደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሙን ከተናገረ ማን ይጠቅመዋል? እንዶድ ራሱ አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳትን ለመግደል በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በኩል ፓተንት ወጥቶበታል። በጤፍ ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ለዚህ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998። የዕፅዋታችንን ዘረ መል ወይም የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለምርምርም ሆነ ለንግድ ማውጣት የሚፈልግ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ የመካፈል መብት አለው። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ደግሞ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮሞሮስ ጎዳና ላይ ነው። ከሾላ ገበያ ብዙም አይርቅም። ሾላ ላይ ጤና አዳም፣ ጦስኝና ኮሶ የምትሸጠው እናት ግን ይህ መብት እንዳላት የነገራት ይኖር ይሆን? አዋቂው ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት ካላመነ ዕውቀቱን ለተመራማሪው አይሰጥም። ተመራማሪው ካላገኘው መሰላሉ አይወጣም። ሜዳው ለቲክቶክ ነጋዴ ይቀራል።

ዕፁ ራሱም እያለቀ ነው። ሥሩ የሚፈለግ ተክል ተነቅሎ ነው የሚሸጠው፤ አይተካም። እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ መሃል የቀሩት ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ጥቂት ናቸው። በተራራው ምዕራብ በኩል ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይህን ለማዳን የተቋቋመ ነው፤ ብቻውን ግን አይችለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ

1. ሳይንሳዊ ስሙ ማን ነው? የትኛው ክፍሉ ነው፣ ቅጠል፣ ሥር ወይስ ፍሬ?
2. የተሞከረው በምን ላይ ነው? በቱቦ፣ በአይጥ ወይስ በሰው? በሰው ከሆነ በስንት ሰው?
3. የተጠናው በሜታኖል የወጣ ጭምቅ ከሆነ፣ እናንተ በውሃ አፍልታችሁ የምትጠጡት ያው ነው? (ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 ኖቤል የተሸለሙበት የወባ መድኃኒት ሲፈላ ኃይሉን ያጣ ነበር፤ መፍትሔው በዝቅተኛ ሙቀት ማውጣት ነበር።)
4. መጠኑ ስንት ነው? ለነፍሰ ጡር ይሆናል? ጤና አዳም እንኳ በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።
5. በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል?
6. አንድ ዱቄት ስንት በሽታ ነው የሚያድነው? አሥር ከሆነ ስልኩን ዝጉት።

ከሁሉም በላይ፣ የስኳር፣ የቲቢ፣ የደም ግፊት ወይም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ በዱቄት ምክንያት እንዳያቋርጥ። ዕፅ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ዕፅ ከክኒን ጋር ይጋጫል። ሐኪሞችም ሳትቆጡ ጠይቁ፤ የሚቆጡትን ሰው ይዋሻቸዋል።

የአያቶቻችንን ዕውቀት የምናከብረው «ያድናል» ብለን በመጮህ ሳይሆን፣ እንደ አክሊሉ እስከ መጨረሻው በመፈተሽ ነው። እናንተ ሰፈር በጣም የሚሸጠው «ተአምረኛ» ዱቄት የቱ ነው? ስሙን ጻፉልን፤ የተጠናውንና ያልተጠናውን ለይተን እንመለስበታለን።